ጥርስ ቆጣሪው

መኪናዋ ጠዋት አልነሳም ማለት ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ትላለች፤ ከዚያ ዝም። እንደገና ጠቅ፤ እንደገና ዝም። ስለዚህ ትገፋለች። ባል መሪ ይይዛል፤ ሚስት ከቀኝ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ከግራ ሆነው ከኋላ ይገፋሉ። አማት ደግሞ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ ትእዛዝ ይሰጣሉ። «ወገብሽን ዝቅ! አንቺ ትንሿ፣ በእጅሽ አይደለም፣ በእግርሽ ግፊ! አይ ልጄን! ባል ብላ ያመጣችው እሱን፣ መኪና ብሎ ያመጣው ይቺን!» ይላሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። መኪናዋ ቁልቁለቱ ጋ ስትደርስ ሰውየው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያደርጋል፤ እሷም እንደ ታመመ ሰው ሁለት ጊዜ ስላ ትነሳለች።

ሰውየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያስርና ሲሰቅል ኖሯል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አቶ ይቅርታ ነው የሚሉት። ሲገባ ይቅርታ፣ ሲወጣ ይቅርታ፤ እግሩን የረገጠውን ሰው እንኳን ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ነው። ደግ ነው እንዳትሉኝ። ደግነትና ፍርሃት ሲለባበሱ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። አቶ ይቅርታ ፈሪ ነበር፤ ፈሪ መሆኑንም ያውቅ ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ እንዳትንቀው። ሚስቱ ለምዳዋለች። አማቱ ገና ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ተስፋ ቆርጠውበታል። ልጁ ግን ገና አልወሰነችም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ ስትገፋ፣ ሁለት የክፍሏ ልጆች ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። «ሆ! ሆ! በርቺ!» እያሉ አጨበጨቡላት። መኪናዋ ተነሳች፤ ልጅቷ ገባች፤ ጥቁር የሆነ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየች። ስትወርድ ቻው አላለችውም። አቶ ይቅርታ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ማታውን ወደ መካኒኩ ሄደ። መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሞተሪኖዋ ሞቷል» አለው። «ቁልፍ ስታዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው እሱ ነው። አዲስ አታገኝላትም፤ ይቺን መኪና የሠራት ፋብሪካ ራሱ ረስቷታል። ያገለገለ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ዶክተር ብሎን ይሉታል፤ በስልክ ነው የሚሸጠው። ግን ጆሮህን ደፍነህ ነው የምትገዛው።»

«ለምን?»

«ታየዋለህ። አንድ ነገር ግን እንዳትረሳ። የሞተሪኖው ጫፍ ላይ ጥርስ አለ። ዘጠኝ መሆን አለበት። አሥራ አንድ የሆነ አምጥተህ እንዳታደርቀኝ፤ መጀመሪያ ጠይቀው።»

ዶክተር ብሎን የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ቻናል አሥራ አራት ሺህ ተከታይ አለው። ግማሹ ዕቃ ፈልጎ አይደለም፤ ሰው ሲሰደብ ሊሰማ ነው። ሰውየው መጻፍ አይወድም፤ በድምፅ ነው የሚመልሰው፤ መልሱንም ለጠየቀው ሰው ብቻ ሳይሆን እዚያው ቻናሉ ላይ ለሁሉም ነው የሚለቀው። ከላይ በትልቁ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ፦ «ዋጋው ተጽፏል። ማንበብ የማይችል አይግዛ። መከራከር የሚወድ ቤቱ ከሚስቱ ጋር ይከራከር። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

አቶ ይቅርታ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ይቅርታ፣ ስላስቸገርኩ። ሞተሪኖው ይሠራል?» ብሎ ላከ።

መልሱ ደቂቃ አልፈጀም። የአቶ ይቅርታ ስልክ ደግሞ ወድቃ ከተሰበረች ወዲህ ጆሮ ላይ አትሰማም፤ ድምፅ የምታወጣው በትልቁ ብቻ ነው። «አይሠራም!» አለ ዶክተር ብሎን ሳሎኑን ሞልቶ። «ለጌጥ ነው የምሸጠው! ከሠርግ ፎቶህ ጎን ስቀለው! የማይሠራ ዕቃ የምሸጥ መሰለህ፣ አንተ ደንቆሮ?»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። አማቱ ግን የሚያዩትን ቴሌቪዥን ድምፁን ቀነሱ። «ማነው እሱ?» አሉ፤ ዓይናቸው በርቷል። «እስቲ ድገመው።»

«ምንም አይደለም እማማ፣ ዕቃ ሻጭ ነው።»

«ድገመው አልኩህ እኮ!»

ደገመው። ምን ያድርግ? አማቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትታ አባቷን አየችው።

በነጋታው ስለ ጥርሱ ጠየቀ። መካኒኩ ጠይቅ ብሎታል፤ መጠየቅ አለበት። «ይቅርታ ጌታዬ፤ የሞተሪኖው ጥርስ ስንት ነው?»

«ጥርስ?» አለ ያ ድምፅ። «ጥርስ ነው ያልከኝ? የራስህን ቆጥረህ ታውቃለህ? ሚስትህ ካገባችህ ጀምሮ ስንቱን እንዳረገፈችልህ ቆጥረሃል? ወገኖቼ፣ ዛሬ ደግሞ ጥርስ ቆጣሪ መጣልን! ስማ፣ ሁለተኛ ጥርስ ብትለኝ ያንተን እኔ ነኝ የምቆጥርልህ፤ መሬት ላይ በትኜ!»

ይኼኛው ቤቱን ለሁለት ቀን አጠገበው። አማቱ በራሳቸው ስልክ ቻናሉ ውስጥ ገቡ። ሾርባው ጨው አንሶታል ሲል «ለጌጥ ነው የሠራነው፤ ስቀለው» ይሉታል። ካልሲዬ የታለ ሲል «መጀመሪያ ጣትህን ቁጠር» ይሉታል። ሚስቱ «እማዬ ተይ» ትላለች፤ አፏን ግን በእጇ ትሸፍናለች። ኧረ ጉድ ነው! ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ሶፋው ላይ!

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ለምን አትመልስለትም?»

«ዕቃው እሱ ጋ ነው ያለው፣ የኔ ልጅ።»

«ዕቃው እሱ ጋ ስለሆነ ያዋርድሃል?»

ይኼን ጊዜ የሰውየው ፊት ጋለ። ቃል ገባ። «በስልክ ምን ዋጋ አለው?» አላት። «ቅዳሜ ራሴ እሄዳለሁ። ፊት ለፊት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልኩን እነግረዋለሁ።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ስትሄድ ፈገግ ብላ ነበር። እሱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ መስተዋቱ ፊት ቆመ። «ስማ ወንድሜ» አለ በሹክሹክታ፤ «እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ። ገንዘቤን ይዤ እንጂ ልለምንህ አልመጣሁም። ከዛሬ ጀምሮ አፍህን ሰብስብ።» አርብንም እንዲሁ ሲለማመድ አመሸ። «አፍህን ሰብስብ» የምትለዋ ላይ ድምፁ እየቀጠነ አስቸገረው እንጂ ሌላው ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መካኒኩ የፈታለትን አሮጌ ሞተሪኖ ለማስተያየት በፌስታል አንጠልጥሎ ሄደ። የዶክተር ብሎን ግቢ ሰፊ ነው፤ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው። የሞተ መኪና ሬሳ የተከመረበት ቆሻሻ ቦታ ጠብቆ ነበር፤ የገጠመው ግን ሌላ ነው። በሮቹ በመደርደሪያ ላይ በቁማቸው ተሰድረዋል፤ መብራቶቹ በሳጥን፣ መስተዋቶቹ በሳጥን ናቸው፤ ሁሉም ላይ በኖራ ቁጥር ተጽፏል። አቶ ይቅርታ የራሱን መዝገብ ቤት ያየ መሰለው፤ ልቡ ትንሽ ረጋ። ዶክተሩም አጭር፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ፋርማሲ ውስጥ ብታገኙት መድኃኒት ትጠይቁታላችሁ።

ግቢው የራሱ ሥርዓት አለው። ማንም ገዢ ቃሉን ሳይሰጥ አይወጣም። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ዶክተሩ ስልኩን ደቅኖ ይቀርጸዋል፤ ገዢው «አይቼ፣ ነክቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ፤ አልመልስም» ይላል፤ አለቀ። አንድ ሰው ዲናሞ ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ካቃጠለው በኋላ ከመለሰበት ወዲህ ነው ይህን ያመጣው። ከአቶ ይቅርታ ፊት አንድ የጭነት መኪና ሾፌርና አንድ ቱታ የለበሰ ሰው ነበሩ። ሾፌሩ ቃሉን ሰጠ፤ ቱታ የለበሰውም ሰጠ። ሁለቱም ግን አልሄዱም፤ ዕቃቸውን እያሰሩ እዚያው ቆሙ።

«ቀጥሎ!»

«ይቅርታ…» አለ አቶ ይቅርታ።

ዶክተሩ ቀና አለ። ይቺን ቃል በጽሑፍ ሁለት ጊዜ አይቷታል። ፊቱ ፈካ። «እንዴ! ጥርስ ቆጣሪው! በአካል!» ሾፌሩና ባለቱታው ሳቁ።

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አለ አቶ ይቅርታ። መስተዋቱ ፊት ያጠናው ሁሉ ከራሱ ላይ እንደ ጉም በኖ ጠፋ።

«ንገረኛ።»

«የሚልኩት ድምፅ… ቤት ውስጥ ሰው ይሰማዋል። ልጅ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ መኪና ትገፋለች፤ ጓደኞቿ ቆመው ያዩዋታል። እና እኔን እንደዚያ ሲሉኝ ስትሰማ… ያው… ልጅ ናት…»

ይኸውላችሁ! ልኩን ሊነግረው የሄደ ሰው ልመና ገባ። የልጁን ገመና አውጥቶ ለማያውቀው ሰው መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። ያን ማድረጉን ግን በዚያ ሰዓት እሱ ራሱ አላሰበውም።

ዶክተሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማው። «አሳዘንከኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኸው።» ሞተሪኖውን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ በጨርቅ ወልውሎ ሰጠው። «በል ቃልህን ስጥና ውሰድ።»

አቶ ይቅርታ ዕቃውን ከፍ አደረገ። «አይቼ፣ ነክቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ፤ አልመልስም።»

«ቆይ፣ ያንተ ይለያል። አንተ ጥርስ ጠይቀሃል። ቁጠርልን እስቲ።»

«እ… ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለመዝገብ ነው» አለ ዶክተሩ።

እዚህች ላይ ነው የተበላው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል፤ ስልክ የደቀነብህ ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ የማያውቅ ዛሬ ማን አለ? አቶ ይቅርታ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው መዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በክር ታስሮ፣ መደርደሪያ ላይ ከወጣ በኋላ አቧራ ካልሆነ ማንም የማይነካው ነገር ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የስንቱን ሰው ክስ፣ የስንቱን ፍቺ፣ የስንቱን ስካር ራሱ ሰቅሏል፤ አንድም ቀን አንድም ሰው መጥቶ አውርድልኝ አላለውም። መዝገብ ውስጥ መግባት ለእሱ መረሳት ማለት ነበር። ስለዚህ ልቡ አረፈ።

«አንድ» አለ ጣቱን እያስነካ። «ሁለት። ሦስት። አራት…»

«ጮክ በል፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። እንደገና ከአንድ።»

እንደገና ከአንድ ጀመረ። ዘጠኝ ሲደርስ ሾፌሩና ባለቱታው አጨበጨቡ።

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ ‹ይቅርታ ዶክተር፣ ከእንግዲህ ጥርስ አልቆጥርም› በል።»

አለ።

«ፈገግ እያልክ።»

ፈገግ እያለ አለ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ መካኒኩ ሞተሪኖውን አስገባው። ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ባንዴ ተነሳች። አቶ ይቅርታ በር ላይ ደርሶ ጥሩምባ ሲነፋ ሚስቱና ልጁ ወጡ፤ አጥፍቶ አስነሳላቸው፤ እንደገና አጥፍቶ እንደገና አስነሳላቸው። ምሳ ላይ ልጅቷ ማንኪያዋን ሳታነሳ፣ «ነገርከው አባዬ?» አለችው።

ማለት የነበረበት «አልቻልኩም» ነበር። ቀላል ነች፤ አንዲት ቃል ነች። ግን የልጁን ዓይን አየ።

«ነገርኩት እንጂ!» አለ። «ስማ ወንድሜ አልኩት። እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ክው አለ! ደነገጠ። ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅማ። አፍህን ሰብስብ ስለው አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ምን አለ መሰለሽ? ‹አጥፍቻለሁ› ብሎ እጄን ጨበጠኝ።»

ልጅቷ ብድግ ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አማቱ እንኳን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ሚስቱ ሳትጠየቅ ሾርባ ጨመረችለት። የአቶ ይቅርታ ልብ ቅቤ ጠጣ። ከሰዓቱን ሁሉ መኪናዋን ሲያጥብ ዋለ፤ ልጅቷም ባልዲ እያቀበለች አብራው ዋለች፤ የሰፈሩ ልጅ ባለፈ ቁጥር «አባቴ እኮ…» እያለች ትጀምር ነበር። እኔ እንኳን ስለዚያ ሰዓት ክፉ አልናገርም።

ደስታው የቆየው እስከ እሑድ ምሳ ነው።

«ኑ! ኑ ሁላችሁም!» ብለው ጮኹ አማቱ ከሳሎን። ሳቅ ሊገድላቸው ደርሷል። «ጀግናችሁን ኑና እዩ!»

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። አቶ ይቅርታ ሞተሪኖ አቅፎ ቆሟል። አንድ ይላል። ሁለት ይላል። እንደገና ከአንድ ይጀምራል። «ይቅርታ ዶክተር፣ ከእንግዲህ ጥርስ አልቆጥርም» ይላል፤ ፈገግታው ስክሪኑን ሞልቶታል። ከሥሩ ዘጠኝ ሺህ ሰው እንዳየው ተጽፏል። ሰው ሁሉ የሚስቅ ፊት እየለጠፈ ሄዷል።

አቶ ይቅርታ በቁሙ ዱቄት ሆነ። «ለመዝገብ ነው አለኝ» አለ። «ለመዝገብ ነው ብሎኝ ነው…»

«አንገቱን የደፋው ማን ነበር ያልከው?» አሉ አማቱ።

«እማዬ ተይው በቃ» አለች ሚስቱ፤ እሷም ግን ቪዲዮውን ዳር አድርሳ ነው ያየችው።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው አየችው፤ እንደገና ከፍታ አየችው። አቶ ይቅርታ ፊቷን እየጠበቀ ነው። ስትዞርበት፣ ስትጠየፈው እየጠበቀ ነው። ልጅቷ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። የአያቷን ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ ድምፅ መቅጃውን ተጫነች።

«ጥርስ ቆጣሪ የምትለው ሰው አባቴ ነው» አለች። ስልኩን አፏ ጋ አስጠግታ ቀጠለች። «አባቴ ሰው ሰድቦ አያውቅም። ስለማትፈራው ነው የምትሰድበው። የማይመልስልህን ሰው መስደብ ጉብዝና አይደለም። ቪዲዮውን አሁኑኑ አጥፋ።» ላከችው።

አማቱ እንኳን ሳቃቸውን ተዉ። አቶ ይቅርታ ልጁን አየ። ዋሽቷት፣ ተዋርዶ፣ አዋርዷት፣ አሁንም ከእሱ ጋር ነች። እንደዚያ እሱን የወደደ ሰው በሕይወቱ አልነበረውም። አጠገቧ ሄዶ ቆመ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። እንደዚያ ሆነው መልሱን ጠበቁ።

መልሱ መጣ። «ኦሆሆሆ!» አለ ዶክተር ብሎን። «ጥርስ ቆጣሪው ጠበቃ አቆመ! አንቺ ነሽ እንዴ የምትገፊው? ሰምቻለሁ እኮ! አባትሽ ራሱ ነው የነገረኝ፤ እዚህ ደጄ ላይ ቆሞ እየተቅለሰለሰ። ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትገፋለች አለኝ። እኔማ የገረመኝ ሞተሪኖ ለምን እንደሚገዛ ነው! አንድ ፈረስ ጉልበት ቤቱ አስቀምጦ፣ ያውም ሣር የማትበላ! በይ የኔ ሞተሪኖ፣ ግፊው! ስታረጂ ደግሞ ላኪብኝ፤ አንቺንም በኪሎ እገዛሻለሁ!»

አማቱ በሳቅ ፈነዱ። ሚስቱ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። አቶ ይቅርታም ሳቀ።

ሳቀ! አጭር ነች፤ በአፍንጫው የወጣች፤ መሥሪያ ቤት አለቃው ሲቀልድ የሚስቃት ዓይነት ሳቅ ነች። አስቦባት አይደለም። ጉልበተኛ ሲናገርና ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደው ነው፤ አፉ ከልቡ ቀደመ። ግን ሳቀ፤ እጁ ገና ከልጁ ትከሻ ላይ አልተነሳም ነበር።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም።

«ወጥቶብኝ ነው» አለ። «የኔ ልጅ፣ ሳላስበው ነው… እኔ እኮ…»

ትከሻዋን ከእጁ ሥር ቀስ ብላ አወጣች። ስልኩን ለአያቷ መለሰች። ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ሄደች፤ አጥባ ቦታው አስቀመጠችና ክፍሏ ገባች። ማታ ራት አልፈልግም አለች።

ሰኞ ጠዋት አቶ ይቅርታ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ሳትንገራገር ተነሳች። እያሞቀ ጠበቀ። ጥሩምባ ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። በመጨረሻ ሚስቱ ብቻዋን ወጥታ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ሄዳለች» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ በእግሬ ነው የምሄደው ብላለች።»

«መኪናው ተሠርቷል እኮ!»

«ነግሬያታለሁ» አለች ሚስቱ። «አውቃለሁ አለችኝ።»